ባለቤቱ ማነው?

ከሞጣ ብዙም በማይርቅ አንድ ደብር ዓይናቸው የጠፋ የቅኔ መምህር ነበሩ። ዓይናቸውን በልጅነታቸው ፈንጣጣ ወስዶታል። ተማሪዎቻቸውን በኮቴያቸው፣ በሳላቸው፣ በደበሏቸው ሽታ ሳይቀር ለይተው ያውቋቸዋል። በቅኔ ቤት እንደ ልማዱ ተማሪ የሚጠራው ባወጡለት ስም ሳይሆን በመጣበት አገር ነው፤ የላስታው፣ የዳሞቱ፣ የስሜኑ፣ የመንዙ ይባላል። ይህ ታሪክ የእስቴው ተማሪ ታሪክ ነው።

የእስቴው ወደ ጉባኤው ሲገባ ግሱን ከነርባታው ጨርሶ፣ አገባቡን ጠንቅቆ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ትዝታው ያስደንቅ ነበር። አንድ ጊዜ የሰማው ቅኔ አይጠፋውም። በየበዓሉ ማሕሌት የተባለውን፣ መንገደኛ ሊቅ አልፎ ሲሄድ ጥሎት ያለፈውን፣ የኔታ ከአሥር ዓመት በፊት ተናግረውት ሌሎች የረሱትን ሁሉ ከልቡ ያወጣዋል። ጓደኞቹ አንድ ቤት ሲጠፋባቸው ወደ እሱ ጎጆ ነው የሚሮጡት። እሱም ይህ ያኮራዋል።

የቅኔ ቤት ሕግ ጥብቅ ነው። ዜማው የቅዱስ ያሬድ ነው፤ ከዚያ መውጣት አይቻልም። ልኩም እንደ ቅኔው ዓይነት የታወቀ ነው፤ ጉባኤ ቃና 2 ቤት፣ ዋዜማ 5፣ ሥላሴ 6፣ መወድስ 8። ቋንቋው ግዕዝ ነው። በዓሉም፣ የበዓሉም ታሪክ ከጥንት ጀምሮ ያው ነው። ተማሪው በዚህ ሁሉ ታጥሮ ሳለ በየቀኑ ከዚህ በፊት ያልተባለ ነገር እንዲናገር ይጠየቃል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይባልም። ማታ የኔታ አዲስ ቅኔ ይዘርፉና ሰሙን ከወርቁ ለይተው ይፈቱታል። ጠዋት ተማሪው በባዶ ሆዱ ጫካ ይወርዳል፤ ከአንድ ዛፍ ሥር ደበሎውን ተከናንቦ የራሱን ይቆጥራል። ከዚያ ቅኔውን አስቀድሞ ሰምቶ ለሚያርመው አስነጋሪ ወይም ለየኔታ ይነግራል። የቀናው ይቀናል፣ የማይቀናው ይፈርሳል። ማግስቱን እንደገና ጫካ ነው።

ፈጠራን የሚያጠፋው ነጻነት ማጣት ነው የሚሉ ጸሐፊዎች ሲገጥሙኝ ይህ ሥርዓት ትዝ ይለኛል። ከዜማው፣ ከልኩ፣ ከቋንቋው፣ ከታሪኩ አንዱንም ያልመረጠ የ18 ዓመት ልጅ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የራሱን ነገር ያገኝ ነበር። ስለዚህ ፈጠራን የሚያጠፋው ነገር ያለው ሌላ ቦታ ነው።

የእስቴው ቅኔ ልኩ አይጎድልም፣ ቤቱ አይሰበርም። ለአስነጋሪው ሲነግር የሚታረም ነገር አይገኝበትም። ጓደኞቹ ይህ ልጅ ነገ ተቀኝቶ ይወጣል፣ ወንበር ይዘረጋል ይሉ ነበር። የኔታ ብቻ ዝም ይላሉ። ሌላው የተሰበረ ቤት ይዞ ሲመጣ ይቆጣሉ፣ ይስቃሉ፣ ተነሥተው ይቀመጣሉ። የእስቴው ሲነግር ግን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «ደህና» ይላሉና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።

አንድ ማታ የኔታ አዲስ ትእዛዝ አዘዙ። «ዛሬ ማንም ቅኔውን በራሱ አንደበት አይነግረኝም። ሁላችሁም ለአስነጋሪው ንገሩት፤ እሱ በራሱ ድምፅ ይንገረኝ። የማን እንደሆነም አይንገረኝ።»

አስነጋሪው ጀመረ። የመጀመሪያውን ሰምተው «ይህ የላስታው ነው፤ ድንጋይ ሳይፈለፍል አያድርም» አሉ። ልክ ነበሩ። ሁለተኛውን ሰሙና «የስሜኑ ነው። የአገሩን ውርጭ በቅኔው ይዞት መጥቷል» አሉ። ሦስተኛው ላይ ፊታቸው ተቋጠረ። «ሦስተኛው ቤት ተሰብሯል፣ ግሱም ያለ ቦታው ገብቷል። የዳሞቱ ነው። ነገ ያቃናው፤ ግን እንዳይጥለው።»

ከዚያ የእስቴው መወድስ ተነገረ። ስምንቱም ቤት ሙሉ ነው። ዳር የተቀመጡት ሳያስቡት «ይበል!» አሉ። የኔታ ጥቂት ቆዩ።

«ይህንንም አውቀዋለሁ» አሉ። «የመጀመሪያው ቤት የእኔ ነው፤ ለጥምቀት የተናገርሁት። ሁለተኛው የመምህሬ ነው፤ ነፍሳቸውን ይማር። አራተኛው ባለፈው ዳግማይ ትንሣኤ ከጎንጅ የመጣው እንግዳ የዘረፈው ነው። የቀረውም ቢፈለግ ባለቤት አያጣም። ሁሉም ያማረ ነው። የዚህ ቅኔ ባለቤት ግን ማነው?»

«እኔ ነኝ የኔታ» አለ የእስቴው።

«አይ ልጄ። አንተስ ተሸካሚው ነህ።»

ልጁ በዚያች ሌሊት አልተኛም። የሰረቀ አልመሰለውም ነበርና የተባለው ነገር አጥንቱ ድረስ ገባ። እውነቱን ለመናገር አልሰረቀም። ከቃል ቃል አልገለበጠም፤ ከሰው አፍ ነጥቆም የእኔ ነው አላለም። ልቡ በሰው ቅኔ ተሞልቶ ስለነበር አፉን ሲከፍት የሚወጣው ያ ነው። ብዙ አንብበው፣ ብዙ ሰምተው፣ ጽሑፋቸው ነውር የሌለው ወጣቶችን አይቻለሁ፤ በሽታቸው ይህ ነው። መድኃኒቱም ማንበብ መተው አይደለም። የእስቴው ግን መድኃኒቱን መጀመሪያ የፈለገው እንደ ብዙዎቻችን በአቋራጭ መንገድ ነበር።

በቆሎ ተማሪ ዘንድ አእምሮ ይከፍታል፣ ምሥጢር ያሳያል እየተባለ የሚወራለት አብሾ የሚሉት ነገር አለ። ብዙውን ጊዜ ከአጤ ፋሪስ ይዘጋጃል። አጤ ፋሪስ ደግሞ በየአጥሩ ሥር የሚበቅል መርዛማ ተክል ነው። የእስቴው ከአንድ ዘዋሪ ደብተራ አግኝቶ ጠጣው። አፉ ደረቀ፣ የዓይኑ ብሌን ሰፋ፣ የሌሉ ሰዎችን እያነጋገረ ጓደኞቹ ሁለት ቀን አስረው ጠበቁት። ልቡ ሲመለስ ምን እንዳለ ጠየቃቸው። ሲለፈልፍ የሰነበተው የሌሎችን ቅኔ እንደሆነ ነገሩት። መርዙ እንኳ የጨመረለት ነገር አልነበረም።

ቀጥሎ አገር መለወጥ መፍትሔ መሰለው። አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ውሻ እየነከሰው ወደ ወሎ ተሻግሮ ዋድላ ገባ። ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ የየራሳቸው የቅኔ መንገድ ያላቸው ስመ ጥር ቤቶች ናቸው። የዋድላውን መንገድ በፍጥነት ተቀበለው፤ መቀበሉንማ ማን ብሎት። ዓመት ሳይሞላው ተመለሰና ለየኔታ ነገራቸው። የኔታ እስከ መጨረሻው ሰምተው «ዋድላዎች ደህና ናቸው?» ብለው ብቻ ጠየቁት።

በዚህ የሰውን መንገድ በመቀበል ነገር ላይ ጥቂት ልቆይ። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ያን ድምፅ አይረሳውም። የገጸ ባሕርዩን ዕድሜ፣ ትዕቢቱን፣ ፍርሃቱን በአንድ ጉሮሮ ለያይቶ ያሰማ ነበር። ከእሱ በኋላ ትረካ የጀመሩ ብዙዎች ከእሱ የወሰዱት ግን የድምፁን ውፍረትና የአነጋገሩን ዝግታ ነው። ዛሬ በየስልኩ የሚለቀቁትን የትረካ ቪዲዮዎች ዓይንህን ጨፍነህ ስማቸው፤ ያው ወፍራም ድምፅ፣ ያው የዋሽንት ማጀቢያ፣ ያው «አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ» የሚል መግቢያ። የኔታ ቢሰሟቸው ባለቤታቸውን መለየት አይችሉም። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም፤ ሌሊት ሲቀዱና ሲያርሙ የሚያድሩ ናቸው። ለዚህ ነው ነገሩ የሚያሳዝነኝ።

ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በጎጃም ቅኔ ቤቶች የተማሩ ሰው ናቸው። ልቦለዳቸው በ1958 ዓ.ም. ሲታተም በውጭ አገር በዲፕሎማትነት፣ በለንደንም በአምባሳደርነት የሠሩ ትልቅ ባለሥልጣን ነበሩ። በመጽሐፉ ውስጥ የሚናገሩት ግን የጎጃም ባላገር፣ የጎጃም ባላባትና የጎጃም ደብተራ ናቸው። የልቦለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ በዛብህም የቅኔ ተማሪ ነው።

ወደ እስቴው ልመለስ። ከጓደኞቹ የሰወረው ነገር ነበረው። አባቱ ሸማኔ፣ እናቱ ፈታይ ናቸው። በዚያ ዘመን ሸማኔ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይናቅ ነበር፤ ሸማውን የሚለብሰው ሁሉ የሠራውን እጅ ይጸየፋል። ልጁ ገና ጉባኤው የገባ ዕለት አባትህ ምንድን ነው ሲሉት ባለርስት ነው አለ። ከዚያ በኋላ በቅኔው ውስጥ ዙፋን አለ፣ አንበሳ አለ፣ የወርቅ ጫማና የንጉሥ ግብር አለ። ጥጥ የለም።

በጾመ ነቢያት መግቢያ አካባቢ አንዲት ሴት ወደ ደብሩ መጣች። ከእስቴ ተነሥታ፣ ዓባይን መካከሉ በፈረሰው ሰባራ ድልድይ በገመድ ተጎትታ ተሻግራ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ አዝላ። እጇ ላይ እንዝርት አለ፤ በብብቷ ባዘቶ ይዛለች። የተማሪዎቹ ጎጆ ደጃፍ ላይ ቆማ የእስቴውን አስጠራች።

ጓደኞቹ አብረውት ወጡ። «ማናት?» አለው የመንዙ።

«የጎረቤታችን ሴት ናት። እናቴ ስንቅ አስይዛት ነው።»

ሴትዮዋ ሰማች። ስንቁን ከጀርባዋ አውርዳ «አዎ፣ ጎረቤት ነኝ» አለች።

ወደ እስቴ የሚመለሱ ነጋዴዎች እስኪገኙ ከአንዲት መነኩሲት ጎጆ እንድታርፍ ተፈቀደላትና የኔታን ለመሳለም ገባች። «እንደምን ዋሉ የኔታ» አለች ጉልበታቸውን ስማ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። የእስቴው እናት ነሽ።»

«አይደለሁም የኔታ። ጎረቤት ነኝ።»

«ልጄ፣ እኔ ዕውር ነኝ እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም። የአንቺና የእሱ ድምፅ ከአንድ ጉሮሮ ነው የወጣው።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። የኔታ ሌላ ነገር አልጠየቋትም። ልጁን ግን ለብቻው አስጠርተው እንዲህ አሉት፤ «ከነገ ጀምሮ ቆጠራ አትወርድም። ከእናትህ አጠገብ ትቀመጣለህ። ማታ ማታ ያየኸውን ትነግረኛለህ። ቅኔ አልፈልግም፤ ያየኸውን ብቻ።»

በመጀመሪያው ማታ መጣና ነገራቸው። እናቱ ትዕግሥተኛ መሆኗን፣ ደግ መሆኗን፣ እጆቿ በሥራ ብዛት መሻከራቸውን፣ ለልጇ ስትል ስንት መከራ መቀበሏን አሳምሮ ተናገረ። የኔታ «ይህን እናቱን አይቶ የማያውቅ ሰውም ይናገረዋል። ነገ ደግሞ ተመልከት» አሉት።

በሁለተኛው ማታ የተሻለ ይዤ መጣሁ ብሎ ተማምኗል። ጥጡ እንዴት እንደሚዳመጥ፣ በደጋን እንዴት እንደሚነደፍ፣ ባዘቶው እንዴት እንደሚጠቀለል፤ እንዝርት፣ ልቃቂት፣ ቀሰም፣ መወርወሪያ፣ ድር፣ ማግ፤ የሚያውቀውን ሁሉ ዘረዘረ። ይህን መዘርዘሩ በራሱ ትልቅ ነገር ነበር፤ የተደበቀውን ሙያ በመጀመሪያ ጊዜ በአፉ መጥራቱ ነው። የኔታ ግን «የዕቃውን ስም ነገርከኝ። የዕቃውንማ ስም ሞጣ ገበያ ብወርድም አገኘዋለሁ» አሉት።

እዚህ ላይ የኔታ ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ፍርዱ ጨካኝ ቢመስልም። የራሳችንን እንጻፍ ሲባል ጀበና፣ ጋቢ፣ መሶብና የጤፍ ማሳ በገጹ ላይ መበተን የሚበቃ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። የአገር ዕቃ የሞላበት ጽሑፍ እንደ ሆቴል አዳራሽ ጌጥ የማንም ሊሆን ይችላል። ጀበናው ውስጥ ያለውን ቡና የምታፈላው ሴት ለምን ሁለተኛውን ሲኒ ለራሷ እንዳስቀረች ያየ ግን አንድ ሰው ነው።

በሦስተኛው ማታ ልጁ ባዶ እጁን መጣ።

«ዛሬ ምንም አላየሁም የኔታ። እንዲያውም ተቆጥቻታለሁ።»

«ለምን?»

«መነኩሲቲቱ መጥታ እንዴት አደርሽ አለቻት። እናቴ ዝም አለች። ሴትዮዋ ቆማ ጠበቀች። ሰው የናቀች መሰለብኝና አፈርሁ። ስታሳድገኝም እንዲሁ ነበረች፤ እኔም ልጅ ሆኜ ስጠራት ቶሎ አትመልስልኝም ነበር።»

«መጨረሻ ላይስ መለሰች?»

«እንዝርቱ ሾሮ ሾሮ ሲቆም፣ ፈትሉን ጠቀለለችና እግዚአብሔር ይመስገን አለች።»

የኔታ ከመደባቸው ቀና ብለው ተቀመጡ። ልጁ እሳቸውን እንዲህ ያያቸው የዳሞቱ የተሰበረ ቤት ሲያመጣ ብቻ ነው። «ሂድ» አሉት፤ «አሁኑኑ ሂድና ለምን እንደዚያ እንደምታደርግ ጠይቃት።»

በሌሊት ሄዶ ጠየቃት። እናቱ ጥያቄው ገረማት። በሕይወቷ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

«ልጄ፣ እንዝርት እየሾረ ሰው ካናገርሁ እጄ ይረሳል። ያን ጊዜ ክሩ ይቀጥናል፤ ከቀጠነ ይበጠሳል። መቀጠልስ ይቀጠላል። ግን አባትህ ሲሸምነው ቋጠሮውን በጣቱ ያገኘዋል። ምንም አይለኝም፤ ግን ያገኘዋል። ስለዚህ የመጣው እንግዳ ጥቂት ይታገሠኝ። እንዝርት እንደሆነ ብዙ አይቆይም።»

ልጁ ወደ ጎጆው ሲመለስ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አለፈ። ከውስጥ በግድግዳው ላይ የብሥራቱ ሥዕል አለ። እመቤታችን ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል መልአኩ ገብርኤል መጥቶ ያበሠራት እንደሆነ አበው ይናገራሉ፤ ሠዓሊዎቻችንም ሲሥሏት እንዝርት ያስይዟታል። የእስቴው እንዲህ ያለውን ሥዕል ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። በእሱ ላይ የተባሉትን ቅኔዎች ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ስለ መልአኩ ክንፍ፣ ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ዘንባባው። በዚያች ሌሊት ግን እንዝርቱ ታየው። መልአኩ ሲገባ ያ እንዝርት እየሾረ ነበር። ታዲያ እናቱን የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሆነውን አያጣውም፤ ገብርኤል ቆሞ ጠብቋል።

ቅኔው ከዚህ ወጣ። ሰሙ ሰላምታ ያቀረበውን እንግዳ ክሯ እንዳይበጠስ ብላ የምታስጠብቅ ፈታይ ናት። ወርቁ ሰባቱ ሰማያት የአንዲት ብላቴና መልስ እስኪሰጥ መጠበቃቸው ነው፤ ሥጋ የሚለብሰው ጌታም የሚለብሰውን ያለ ፈቃዷ ከእጇ አልነጠቀም። ፈትሉ ሳይበጠስ ሰማይና ምድር በአንድ ክር ተያያዙ።

እንዲህ በአማርኛ ሲተረክ ቀላል ይመስላል። ለየኔታ የነገረው ቅኔ ግን ልጁ ከተናገራቸው ሁሉ የከፋው ነበር። ልኩ ጎድሏል፤ አምስተኛው ቤት ተሰብሯል፤ እንዝርት ቆመ ለማለት የመረጠው ግስ ሌላ ትርጉም ይዞ ገብቷል። እስከዚያ ቀን የሚያውቃቸው ቅኔዎች ቃሉን አዘጋጅተው ይጠብቁት ነበር፤ ስለ ቆመ እንዝርት ግን ማንም ቃል አላስቀመጠለትም። የኔታ ተቆጡ፣ ሳቁ፣ ተነሥተው ተቀመጡ። «አፍርሰህ ሥራው፤ ግን እንዳትጥለው» አሉት። እስከ ብሥራተ ገብርኤል በዓል የቀረውን ጊዜ በዚያ አንድ ቅኔ ላይ ፈጀው። ያ ሁሉ የተሸከመው የሰው ቅኔ የጠቀመውም ያን ጊዜ ነው፤ ግሱን፣ አገባቡን፣ ቤት አመታቱን ከዚያ ጎተራ እያወጣ አቃናው። ነጋዴዎቹ መጥተው ሲሄዱ እናቱን የኔታ በዓሉ እስኪያልፍ እንድትቆይ ለመኗት።

ታኅሣሥ 22 ቀን በብሥራተ ገብርኤል ማሕሌት የእስቴው ተነሥቶ ተናገረ። ደብተራዎቹ ዘግየት ብለው፣ ምሥጢሩ እስኪገባቸው ጠብቀው «ይበል! ይበል!» አሉ። እናቱ ከሴቶች መቆሚያ ሆና ሰምታለች፤ ግዕዝ አታውቅምና ልጇ መናገሩን እንጂ የተናገረውን አልሰማችም። ከቅዳሴ በኋላ ጓደኞቹ በተሰበሰቡበት መጣና «እናቴ ናት» አላቸው። ከዚያ ቅኔውን በአማርኛ ፈታላት። እሷም አሰብ አድርጋ፣ «ትጠብቃለች እንጂ፤ ሐርና ወርቅ ከሆነማ ከጥጡም ይብስ ይሆናል» አለች። የመንዙ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ እዚህ ላይ ያቆመዋል። እኔ ግን የማግስቱን ነገር ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ።

በማግስቱ ማታ ጉባኤው ሲሰበሰብ የላስታው ስለ እንዝርት ተናገረ። የስሜኑም ስለ እንዝርት ተናገረ። የመንዙ ልቃቂት ጨመረበት። ጉባኤው በአንድ ቀን ፈታይ ሆኖ አደረ። የኔታ ሁሉንም መለሷቸው። «ላስቴ፣ ድንጋይህ የት ሄደ?» አሉ። ተራው ለእስቴው ሲደርስ እሱም ስለ እንዝርት ሌላ ቅኔ ይዞ ነበር፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው ይልቅ የተስተካከለ፣ ልኩ የማይነቀነቅ።

«ባለቤቱ ማነው?» አሉ የኔታ።

«እኔ ነኝ የኔታ። የእናቴ እንዝርት ነው።»

«ይህስ የትናንቱ የእስቴው ነው። የዛሬው የት አለ?»

ልጁ ግራ ገባው። «ታዲያ ምን ልናገር? ያለኝን ተናገርሁ እኮ የኔታ።»

«አባትህ ቋጠሮውን በጣቱ ሲያገኘው ምንም አይልም ብላሃለች እናትህ። ለምን ዝም ይላል? ጠይቀኸዋል?»

አልጠየቀውም ነበር። በጥር ወር እናቱን ይዞ ሰባራ ድልድይን ተሻገረና አባቱ ሸማ ከሚሠራበት ጉድጓድ አፍ ላይ ሊቀመጥ ወደ እስቴ ሄደ።

ታሪክ የምትጽፉ፣ በስልካችሁ የምትተርኩ፣ ለቪዲዮና ለፖድካስት ሐሳብ አጣሁ እያላችሁ ሌሊቱን የሌላውን ሰው ሥራ ስታገላብጡ የምታድሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ አንድ ሥራ ለረጅም ዘመን የሠራ ሰው አይጠፋም። ልብስ ሰፊ ይሁን፣ የሚኒባስ ረዳት፣ ጉልት ቸርቻሪ፣ በአረብ አገር የሰው ልጅ አሳድጋ የተመለሰች አክስት። ካሜራውን ሳትከፍቱ አጠገባቸው ተቀመጡ። ያበሳጫችሁን፣ ያሳፈራችሁን፣ ያልገባችሁን ነገር ያዙና ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ ጠይቁ። መልሱን ያማረ ለማድረግ አትቸኩሉ። ሰው ከወደደላችሁም ማግስቱን ያንኑ ይዛችሁ አትምጡ፤ ሌላ ጥያቄ ይዛችሁ ተመለሱ።

የቅኔ ሊቁን አለቃ ለማ ኃይሉን ልጃቸው መንግሥቱ ለማ አጠገባቸው ተቀምጠው ስለ ተማሪ ቤት ኑሯቸው፣ ስለ መምህሮቻቸው፣ ስላዩት ዘመን ጠየቋቸው። የተናገሩት በራሳቸው አነጋገር እንዳለ ተጽፎ በ1959 ዓ.ም. መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ልጃቸው ባይጠይቋቸው ኖሮ ያ ሁሉ ወግ አብሯቸው ይቀበር ነበር። የእናንተም ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው።